በጃፓን ገንዘብ ላይ ያሉ ፊቶች

አበው «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይላሉ። እኔ ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቆጥር ዓመታት ተቆጥረዋልና፣ የታዘብኩት ሌላ ነገር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ገንዘብ በእጁ የሚያልፍ ሰው ገንዘብን አያየውም። ጣቱ ይቆጥራል፣ ዓይኑ ሐሰተኛውን ይፈልጋል። በወረቀቱ ላይ ማን እንደ ተሣለ፣ ለምንስ እንደ ተሣለ የሚጠይቅበት ፋታ የለውም። እኔም ይህን ፋታ ያገኘሁት በራሴ አገር ብር ሳይሆን፣ እዚህ ገበያ ላይ አንዲት ዳቦ እንኳ በማይገዛ ገንዘብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ወዳጄ ለአጭር ሥልጠና ጃፓን ደርሶ በተመለሰ ሰሞን፣ ከጉዞው የተረፈውን ገንዘብ ሊመነዝር ወደ መስኮቴ መጣ። ከቦርሳው ካወጣቸው ኖቶች ሁለቱ ባለ አንድ ሺህ የን ነበሩ። ዋጋቸው አንድ፣ ቀለማቸው ተቀራራቢ፣ በላያቸው የተሣሉት ሰዎች ግን ለየቅል ናቸው። ወዳጄ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ትክ ብሎ አያቸውና «አንደኛው ሐሰተኛ ይሆን እንዴ? ተሸውጄ መጣሁ ማለት ነው?» አለኝ። ሁለቱም እውነተኛ ነበሩ። አንደኛው በ2004፣ ሌላው በ2024 መታተም የጀመሩ ኖቶች ናቸው። አሮጌው ሳይሻር አዲሱ ስለ ወጣ በአንድ ቦርሳ ውስጥ ተገናኝተዋል። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሰዎቹ በሕይወት ሳሉም የሚተዋወቁ መሆናቸው ነው፤ በአዲሱ ኖት ላይ ያለው ሐኪም ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ፣ በአሮጌው ላይ ያለው ኖጉቺ ሂዴዮ በወጣትነቱ በተቀጠረበት ተቋም አለቃው ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከሥራ በኋላ ያለኝን ጊዜ የነዚህን ፊቶች ታሪክ በማንበብ አሳለፍኩ። ወደ ጃፓን የምትጓዝ አንባቢ ሆይ፣ ስለ ቤተ መቅደሱና ስለ ባቡሩ የሚነግርህ ሰው አታጣም። እኔ የማወራህ ገና አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሳለህ በእጅህ ስለሚገባው የታሪክ መጽሐፍ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የሰዎቹም ስም እንደ ጃፓኖች ልማድ የቤተሰቡ ይቀድማል።)

የን የተወለደው በ1871 ነው። ቃሉ በቋንቋቸው «ክብ» ማለት ነው። ከዚያ በፊት ጃፓን በየግዛቱ ገዢዎች የተከፋፈለች ነበረችና፣ ብዙዎቹ ገዢዎች በየራሳቸው ግዛት የሚሠራ የወረቀት ገንዘብ ያሳትሙ ነበር። በ1868 ሥልጣን የያዘው የሜጂ መንግሥት ይህን ሁሉ በአንድ ገንዘብ ተካው። በ1873 የመጀመሪያው ባንክ ተከፈተ፤ በ1882 ደግሞ የጃፓን ማዕከላዊ ባንክ ተቋቋመ። ባንክን «ጊንኮ» ይሉታል። «ጊን» ብር ማለት ነው፤ ያ የሚያብረቀርቀው ማዕድን። እኛም ማዕድኑንና ገንዘባችንን በአንድ ስም «ብር» እንላለንና፣ ይህን ባነበብኩ ጊዜ የማላውቀው ዘመድ ያገኘሁ ያህል ፈገግ አልኩ።

የሰው ፊት በጃፓን ኖት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1881 ነው። ፊቱ የንግሥት ጂንጉ ነው። እርሷም ባሕር ተሻግራ ኮርያን አስገበረች የምትባል የአፈ ታሪክ ንግሥት ናት። መልኳን የቀረጸው ኤዶዋርዶ ኪዮሶኔ የተባለ ጣልያናዊ የኅትመት ቀራጭ ነበር። እውነተኛ መልኳን ያየ ሰው ስለሌለ፣ ንግሥቲቱ ከእስያ ይልቅ ወደ አውሮፓ የምታደላ ሴት ሆና ወጣች። የኮርያን ነገር በልብህ ያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ማዕከላዊው ባንክ በ1885 ያወጣው የመጀመሪያ ኖት ደግሞ ለባንክ ሠራተኛ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ታሪክ አለው። በላዩ የተሣለው ዳይኮኩ የሚባለው የሀብት አምላካቸው ነበር። ወረቀቱ እንዲጠነክር ብለው ኮንያኩ ከሚባል የሚበላ ሥር የተዘጋጀ ዱቄት ጨመሩበት። አይጥና ነፍሳትም ገንዘቡን ወደውት ይበሉት ጀመር። ባለ አንድ የኑ የዳይኮኩ ኖት እስከ ዛሬ በሕግ አልተሻረም፤ ለሰብሳቢዎች ዋጋው ብዙ ቢሆንም በሕግ ፊት ዛሬም አንድ የን ነው።

ከ1945 ሽንፈት በኋላ የመጣው ዘመን ግን የሚያስቅ አይደለም። በየካቲት 1946 መንግሥት የዋጋ ንረቱን ለመግታት ብሎ የሕዝቡን ተቀማጭ ገንዘብ አገደ። የቤተሰብ ኃላፊ በወር 300 የን፣ ሌላው የቤተሰብ አባል እያንዳንዱ 100 የን ብቻ እንዲያወጣ ተፈቀደ። አሮጌው ኖት ተሻረ፤ አዲሱ ግን በጊዜው ታትሞ አልደረሰም። ስለዚህ በአሮጌው ኖት ላይ ትንሽ ምልክት እየተለጠፈበት እንደ አዲስ እንዲሠራ ተደረገ። በዚያ ሰሞን በየባንኩ መስኮት የነበሩትን ሠራተኞች አስባቸዋለሁ። የሰው ሁሉ ቁጣና ልመና የሚያርፈው ሕጉን ባወጣው ሚኒስትር ላይ አልነበረም፤ ሙጫና ምልክት ይዞ በተቀመጠው ጸሐፊ ላይ እንጂ።

በ1951 በወጣው ባለ 50 የን ኖት ላይ የታካሃሺ ኮሬኪዮ ፊት ታየ። ይህ ሰው በልጅነቱ አሜሪካ ሄዶ ሳያውቅ በፈረመው ውል የጉልበት ሠራተኛ ሆኖ የተሸጠ፣ በኋላ ግን የማዕከላዊ ባንኩ ገዢ፣ ጠቅላይ ሚኒስትርና የገንዘብ ሚኒስትር እስከ መሆን የደረሰ ነው። የጦሩን በጀት ልቀንስ በማለቱ በየካቲት 1936 ያመፁ ወታደሮች ቤቱ ድረስ ገብተው ገደሉት። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ አገሩ በወታደሮች የተገደለውን ሽማግሌ በገንዘቧ ላይ አስቀመጠችው። ምንም ንግግር ሳይደረግ የተባለ ነገር አለ።

በ1984 ጃፓን ከዚያም አልፋ ሄደች። ከዚያ በፊት ኖቱን የያዙት መሳፍንትና የመንግሥት ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ግን የብዕርና የትምህርት ሰዎች ተተኩ። በባለ አሥር ሺሁ ላይ መምህሩና ደራሲው ፉኩዛዋ ዩኪቺ፣ በባለ አንድ ሺሁ ላይ ልብ ወለድ ደራሲው ናትሱሜ ሶሴኪ ተቀመጡ። ፉኩዛዋ በቦታው አርባ ዓመት ስለ ቆየ ሰዉ ባለ አሥር ሺሁን ኖት በቀልድ «ዩኪቺ» እያለ ይጠራው ነበር። ሶሴኪ ደግሞ መንግሥት በ1911 የዶክተርነት ማዕረግ ሲሰጠው አልፈልግም ብሎ የመለሰ ሰው ነው። ቢጠየቅ ኖሮ ኖቱንም ይመልሰው ነበር ብዬ እገምታለሁ።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የያዘችኝ ግን በ2004 በባለ አምስት ሺህ የን ላይ የወጣችው ሂጉቺ ኢቺዮ ናት። የቶኪዮ ልጅ ናት፤ በ1872 ተወለደች። በ1889 አባቷ ሲሞት የእናቷና የታናሽ እህቷ ኑሮ በእርሷ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ልብስ እየሰፉ ኖሩ። የቤቱን ዕቃ በመያዣነት ተቀብሎ ወደሚያበድር ሱቅ ተመላለሰች፤ ያ አሮጌ ሱቅ ዛሬም ሆንጎ በሚባለው ሰፈር ቆሞ ይታያል። በ1893 ዮሺዋራ ከሚባለው የሴተኛ አዳሪዎች መንደር አጠገብ ርካሽ ከረሜላና ትናንሽ ዕቃ የሚሸጥባት ሱቅ ከፈተች። ሱቋ ዓመት እንኳ ሳትደፍን ተዘጋች። ከዚያ ቤት ግን የሰፈሩን ልጆች ሕይወት ይዛ ወጣች፤ ለምርጥ ሥራዎቿም ስንቅ ሆናት። ስሟን ያስጠሩትን ድርሰቶች አብዛኛውን የጻፈቻቸው በአሥራ አራት ወር ያህል ጊዜ ውስጥ ነው። በኅዳር 1896 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ዕድሜዋ ሃያ አራት ነበር።

ከአፈ ታሪኳ ንግሥት በኋላ በጃፓን ኖት ዋና ፊት ላይ የተቀመጠችው የመጀመሪያዋ ሴት ይህች ናት። የቀራጮቹ ችግርም ሌላ ታሪክ ነው። ጢምና የፊት መጨማደድ በረቂቅ መስመር ስለሚሠሩ ለሐሰተኛ አታሚ ያስቸግራሉ፤ በዚህ ምክንያት ጢማም ሽማግሌ ለኖት የተመረጠ ፊት ነው። ኢቺዮ ግን መጨማደድ የሚሆን ዕድሜ አላገኘችም። ታሪኳን ያነበብኩ ዕለት ማታ እነዚህን አራት ስንኞች ጫርኩ።

ልብሷን አስይዛ እህል የሸመተች፣
በየሰዉ ኪስ ውስጥ ዛሬ ገንዘብ ሆነች።
መልኳ ያለባትን ያችን አንድ ወረቀት፣
ማን ኋሊት ተጉዞ በእጇ ባስጨበጣት!

የወዳጄ አሮጌ አንድ ሺህ ላይ ያለው ኖጉቺ ሂዴዮም ከድህነት የመጣ ነው። በ1876 በፉኩሺማ ገጠር ተወለደ፤ ገና ሕፃን ሳለ ምድጃ ውስጥ ወድቆ ግራ እጁ ተቃጠለ። መምህራኑና የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ገንዘብ አዋጥተው አሳከሙት፤ እርሱም ሐኪም ለመሆን የወሰነው ያን ጊዜ ነው ይባላል። በኒው ዮርክ የሮክፌለር ተቋም ዝነኛ ተመራማሪ ሆነ። በስተርጅና ፊደል እንደ ምንም የተለማመደችው እናቱ ና ልየህ ብላ የጻፈችለት ደብዳቤ እስከ ዛሬ ጃፓኖችን ያስለቅሳል። ሰውየው ግን ገንዘብ በእጁ የማይቆይ፣ ተበዳሪነቱ የታወቀ ነበር። በ1928 ቢጫ ወባን ሲመረምር በዚያው በሽታ አክራ ላይ፣ በዛሬዋ ጋና ሞተ። ስለ በሽታው መንሥኤ የደረሰበት ድምዳሜም ስሕተት መሆኑ በኋላ ተረጋግጧል። አባካኝ፣ የተሳሳተም፣ ነገር ግን በሥራው ላይ የሞተ ሰው በገንዘብ ላይ ሊሣል መቻሉን እወድደዋለሁ።

ሐምሌ 3 ቀን 2024 ሦስት አዲስ ፊቶች መጡ። በባለ አንድ ሺሁ ኪታሳቶ ነው። በ1889 የመንጋጋ ቆልፍን ባክቴሪያ ለብቻው ነጥሎ ማሳደግ የቻለ፣ በ1890 ደግሞ ከጀርመናዊው ቤሪንግ ጋር የበሽታውን የደም መድኃኒት መንገድ ያገኘ ሐኪም ነው። በ1901 የመጀመሪያው የሕክምና ኖቤል የተሰጠው ለቤሪንግ ብቻ ነበር። በባለ አምስት ሺሁ ትሱዳ ኡሜኮ ናት። በ1871 ገና በስድስት ዓመቷ መንግሥት ለትምህርት ወደ አሜሪካ የላካት፣ በ1882 ስትመለስ የእናቷን ቋንቋ ረስታ የተገኘች፣ በ1900 ደግሞ በአሥር ተማሪዎች የሴቶች ትምህርት ቤት የከፈተች መምህርት ናት። ትምህርት ቤቷ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው።

በባለ አሥር ሺሁ ላይ የተቀመጠው ሺቡሳዋ ኤይቺ የእኔ የሙያ ቅድመ አያት ነው ማለት ይቻላል። በወጣትነቱ፣ በ1863፣ ዮኮሐማ ያሉትን የውጭ አገር ሰዎች ሰፈር ለማቃጠል ከወዳጆቹ ጋር ያሤረ የገበሬ ልጅ ነበር። ሤራው ቀረ። ከአራት ዓመት በኋላ ከመስፍን ልዑክ ጋር ፓሪስ ሄዶ ባንክና የአክሲዮን ማኅበር ምን እንደሆኑ አየ። ያን የ1873ቱን የመጀመሪያ ባንክ የመራው፣ ወደ 500 በሚጠጉ ድርጅቶች ምሥረታ እጁን ያስገባው እርሱ ነው። ንግድ ያለ ሥነ ምግባር አይጸናም፤ የኮንፊሽየስ ትምህርትና የሒሳብ መቁጠሪያው ተለያይተው መሄድ የለባቸውም እያለ ያስተምር ነበር።

ይህ ትምህርት ምን ያህል በሕዝቡ ውስጥ እንደ ሰረጸ እኔ አልመዝንም፤ ተጓዥ በዓይኑ የሚያየውን ግን ልናገር። በጃፓን ሱቅ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ አይወረወርም። ሒሳብ መክፈያው ላይ ትንሽ ሳሕን አለች፤ ገንዘብህን እርሷ ላይ ታስቀምጣለህ፣ መልስህም ተቆጥሮ በክብር ይሰጥሃል። ጉርሻ አይሰጥም፤ ትተህ ብትወጣ አስተናጋጁ የረሳኸው መስሎት ተከትሎህ ሊሮጥ ይችላል። ለሠርግ የሚሰጠው ገንዘብ በጌጠኛ ፖስታ ይሆናል፤ ኖቱም ያልታጠፈ አዲስ መሆን አለበት። በዚህም ምክንያት ሰዎች አዲስ ኖት ለመቀየር ባንክ ድረስ ይሄዳሉ። ለሐዘን ግን አዲስ ኖት ነውር ነው፤ ሞቱን ቀድሞ ሲጠብቅ፣ ሲዘጋጅ የነበረ ያስመስላልና። በቤተ መቅደስ ደጃፍ የሚወረወረው ባለ አምስት የን ሳንቲም ነው። «ጎ ኤን» ሲባል አምስት የን ማለትም ነው፣ የሰውን ከሰው የሚያገናኝ መልካም ዕድል ማለትም ነው። ይህስ የእኛው ቅኔ ዘመድ አይደለምን? ሰሙ አምስት የን፣ ወርቁ ዝምድና! በቶኪዮ ብቻ በየዓመቱ ወድቆ ተገኝቶ ለፖሊስ የሚመለሰው ጥሬ ገንዘብ በቢሊዮን የን ይቆጠራል። እርግጥ ካርድና ስልክ እዚያም እየበረቱ ነው፤ ቢሆንም በሠርጉ ፖስታ ውስጥ የሚጠበቀው ዛሬም ወረቀቱ ነው።

እስካሁን ያወራሁት የወረቀቱን አንድ ገጽ ነው። ሌላውን ገጽ ለማየት ባሕሩን መሻገር ያስፈልጋል።

ከላይ በልብህ ያዝልኝ ያልኩህን አስታውስ። በ1881 የታተመችው ንግሥት የኮርያ አስገባሪ ተብላ የምትወደስ ናት። ከ1963 ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ ባለ አንድ ሺሁን የያዘው ኢቶ ሂሮቡሚ፣ ለጃፓኖች የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትርና የ1889 ሕገ መንግሥት አባት ነው። ለኮርያውያን ግን ነጻነታቸውን የነጠቀው የጃፓን የበላይ ገዢ ነው። በጥቅምት 1909 ሐርቢን ባቡር ጣቢያ ላይ ተኩሶ የገደለው አን ጁንግ ጉን በአገሩ ታላቅ ጀግና ነው። ትጉሁ መምህር ፉኩዛዋም አለ። በ1885 በጋዜጣው የወጣውና የእርሱ እንደሆነ የሚታመነው ርእሰ አንቀጽ፣ ጃፓን ከጎረቤቶቿ ከቻይናና ከኮርያ ተለይታ ከምዕራባውያን ጋር እንድትቆም የሚመክር ነው። ሺቡሳዋስ? ባንኩ በ1902 በኮርያ ምድር የራሱን ኖት ማሠራጨት ሲጀምር፣ በኖቱ ላይ የተሣለው የሺቡሳዋ ፊት ነበር። ለአንዱ የልማት አባት የሆነው ሰው፣ ለሌላው በገዛ ገበያው የተጫነበት የባዕድ መልክ ነው። በ2019 ጃፓን ሺቡሳዋን መምረጧን ስታስታውቅ ከሴኡል ቅሬታ የተሰማው ለዚህ ነው።

ጉዞህ ወደ ሴኡል የሚቀጥል ከሆነ፣ የኮርያ ባንክ የገንዘብ ሙዚየም ያለበትን አሮጌ የድንጋይ ሕንጻ እይ። ሕንጻው በመጀመሪያ የታሰበው ለሺቡሳዋ ባንክ ቅርንጫፍ ነበር፤ በ1912 ተጠናቀቀ። የነደፈው መሐንዲስ ታትሱኖ ኪንጎ፣ በአዲሱ ባለ አሥር ሺህ የን ጀርባ ላይ የሚታየውን የቶኪዮ ባቡር ጣቢያም የነደፈ ነው። በመሠረት ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ደግሞ የኢቶ ሂሮቡሚ የእጅ ጽሑፍ መሆኑ በ2020 ተረጋግጧል። በቶኪዮ ክብር የሆነው ስም እዚህ ጠባሳ ነው።

ይህ ለእኛም የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1931 አገራችን የመጀመሪያውን ጽሑፋዊ ሕገ መንግሥት ስታወጣ፣ አርቃቂው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በዋናነት የተመለከቱት የኢቶን የ1889 ሕገ መንግሥት ነው። በዚያው ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ደርሰው ተመለሱ፤ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍም ጻፉ። አባቶቻችን ነጭ ሳትሆን የሠለጠነች አገር አይተው ተስፋ ማድረጋቸው ያስመሰግናቸዋል እንጂ አያስወቅሳቸውም። ሆኖም ያዩት የኖቱን የፊት ገጽ ነበር። ያ ሕገ መንግሥት ጦሩን ከፓርላማ ቁጥጥር ውጭ አድርጎ ለንጉሠ ነገሥቱ ብቻ የሰጠ ነበርና፣ ሽማግሌውን ታካሃሺን ለገደለው ዘመን በር ከፍቷል። ፋሺስት ኢጣልያ በወረረችን ጊዜም ብዙ ጃፓናውያን ቢቆረቆሩልንም፣ መንግሥታቸው በ1936 መጨረሻ ከወራሪው ጋር ተስማምቶ የወረራውን ውጤት ተቀበለ። ኮርያውያን ያኔ ቢጠየቁ ኖሮ የጀርባውን ገጽ ይነግሩን ነበር።

ስለዚህ ጃፓንን እንናቅ ማለቴ ነውን? አይደለም። ሰይፍን ከገንዘቡ ላይ አንሥቶ ደሀ ደራሲ፣ አስተማሪና ሐኪም ያስቀመጠ ሕዝብ የመረጠው ምርጫ ያስቀናኛል። ከዘውዱ መውደቅ በኋላ በእኛ ብር ላይ በስሙ የምናውቀው ሰው ፊት የለም፤ ማንን እናስቀምጥ ብንባል ስንት ዓመት እንደምንከራከር እናንተም ታውቃላችሁ። ይህም በራሱ አንድ ነገር ያስተምራል። ለአንዱ መሠረት የሆነ ሰው ለሌላው የመሠረት ድንጋይ ሥር የተቀበረ ቁስል ሊሆን ይችላል፤ ይህ በጃፓንና በኮርያ መካከል ብቻ የሚሆን አይደለም።

አዲሱን ባለ አሥር ሺህ የን በእጅህ ይዘህ ወደ ብርሃን ዘንበል ብታደርገው፣ በሚያብረቀርቀው ጠርዝ ላይ ያለው የሺቡሳዋ ምስል ፊቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞራል። ለሐሰተኛ አታሚ እንዲያስቸግር የተሠራ ጥበብ ነው። ለእኔ ግን ሽማግሌው ራሱ «በሌላም በኩል እየኝ» የሚል ይመስለኛል።

ወዳጄ በመጨረሻ ሌሎቹን ኖቶች መንዝሮ ሁለቱን ባለ አንድ ሺዎች አስቀራቸው። «አለቃና ሠራተኛ ናቸው፤ አልለያያቸውም» አለ። እኔም ወደ ቆጠራዬ ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንድ ልማድ አለኝ፤ አንድ ኖት ለየት ብሎ ከታየኝ፣ ከመቁጠሬ በፊት አንድ ጊዜ ገልበጥ አድርጌ ጀርባውን አያለሁ።

ቸር እንሰንብት።